ጥፋተኛው አስተሳሰብህ ነው

ልደታ ሁለት ዓይነት ችሎት አላት። አንደኛውን አገር ያውቀዋል፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ነው። በሩ ላይ ጠበቃ፣ ዋስ የሚሆን ዘመድ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ይርመሰመሳል። ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ፣ ሊፍት በማይደርስበት አራተኛ ፎቅ ይሰየማል። በሩ ላይ «ማይንድሴትህን ለውጥ፣ ሕይወትህን ተቆጣጠር» የሚል ባነር ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ችሎት ያዘግማል፤ ምስክር ይሰማል፣ ሰነድ ይመረምራል፣ ለብይን ይቀጥራል፣ ዳኛ አልተሟላም ብሎ እንደገና ይቀጥራል። ሁለተኛው በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ጥፋተኛው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ምስክር አያስፈልገውም፤ ጥፋተኛው የሰልጣኙ አስተሳሰብ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ክሱ በመታየት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ያ ለሌባና ለቀማኛ ነው። ቅዳሜ ለሚሰለጥን ሥራ አጥ አይሠራም።

እኔ ይህን ሁለተኛውን ችሎት እደግፋለሁ። ከመደገፍም አልፌ በየወረዳው ይከፈትልን እላለሁ። ምክንያቴን ስሙኝ።

አዳራሹን ላላያችሁት፦ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ግራና ቀኝ ሞንታርቦ ቆሟል፤ አሰልጣኙ ከመግባቱ በፊት ለጦር ሜዳ የተቀናበረ የሚመስል ሙዚቃ ያጓራል። የፊት ረድፎቹ ጨርቅ የለበሱ ናቸው፤ ቪአይፒ ይባላሉ፣ ዋጋቸውም ለብቻ ነው። ሰው ሁሉ እኩል አቅም አለው የሚለው ትምህርት የሚሰጠው እነዚህ ወንበሮች ፊት ተቆሞ ነው። አሰልጣኙ ጠበብ ያለ ሱፍ ለብሶ፣ ማይኩን ጉንጩ ላይ አድርጎ እየሮጠ ይገባል። መሮጡ ግዴታ ነው፤ ቀስ ብሎ እየተራመደ የገባ አሰልጣኝ እስካሁን አልታየም።

«ወደ ጎንህ ዙር! ‹አንተ አሸናፊ ነህ› በለው!»

እንላለን። «አልሰማሁም!» ይላል። እንጮኻለን። በቀኜ የተቀመጠው ልጅ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ የከረመ ነው። አሸናፊ መሆኔን ጮክ ብሎ ካበሰረኝ በኋላ፣ እኔ የምሠራበት ቦታ ሰው ይቀጥር እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። እዚያ የነበርነው ሁላችንም አሸናፊዎች ከሆንን ማንን እንዳሸነፍን አልተነገረንም። ያልመጡትን ይሆናል።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። «አከራዬ እትዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሪ፣ ካልቻልሽ ልቀቂ ብለውኛል። ደሞዜ አልጨመረም። ምን ላድርግ?» አሰልጣኙ ፈገግ አለ፤ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደነበር ያስታውቃል። «እህቴ፣ ‹አከራዬ› የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። እንደ ተከራይ ካሰብሽ ዕድሜሽን ሙሉ ተከራይ ነሽ። ዛሬ ማታ ባለቤት ሆነሽ ተኚ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ልጅቷ ተቀመጠችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እትዬም በሌሉበት በነፃ ተሰናበቱ።

ይህ ነው የማደንቀው ቅልጥፍና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ አከራይ ደስ ባለው ወር እየተነሣ ዋጋ አይጨምር ብሎ ስንት አንቀጽ ደርድሯል። ምን ያደርጋል? አሰልጣኙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገላገላት። አዋጁን ቢያነሣው ኖሮ ልጅቷ ወረዳ ትመላለስ ነበር፣ ከእትዬም ጋር ትጣላ ነበር። ይህ ደግሞ «ኔጌቲቭ ኢነርጂ» ነው። አሁን ግን በሰላም ትለቃለች።

ሌላው የምወደው ትምህርት «ከኮምፎርት ዞንህ ውጣ» የሚለው ነው። እዚህ ሰፈር ግን ትንሽ የዘገየ ይመስለኛል። ልደታ ከኮምፎርት ዞኗ የወጣችው አሰልጣኝ ከመምጣቱ በፊት በግሬደር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየሙ ሲተከል፣ ነባሩ ሰው አንዱ ወደ አንዱ ዳር፣ ሌላው ወደ ሌላው ተበተነ። ጉሊቱ፣ ደንበኛው፣ የዱቤ መዝገቡ፣ ልጅ የሚጠብቀው ጎረቤት አብሮ ሄደ። ዕድር የነበረው ድንኳኑን ማን ይያዘው ብሎ ተከራከረ። ታዲያ የእነዚያ ሰዎች ማይንድሴት በዚያው ልክ አድጎ እንደሆነ የሚያጠና ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር። ከኮምፎርት ዞን መውጣት የሚያበለጽግ ቢሆን የልደታ ተነሺዎች ዛሬ የፊት ወንበሮቹ ላይ ነበሩ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣትም አለ። የካናዳዊው ሮቢን ሻርማ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣ ወዲህ ይህ ሰዓት የሀብታሞች ሰዓት ሆኗል። የአዲስ አበባ መንገድ ጠራጊ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት አስፋልት ላይ ስለሆኑ ሥልጠናውን መከታተል አይመቻቸውም። ኮንዶሚኒየም ላይ የምንኖረውም ብንሆን አንታማም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥተን ጀሪካን የምንሞላ ሰዎች ነን፤ ከሻርማ በሁለት ሰዓት እንቀድማለን። ሀብቱ ግን በቧንቧው አልመጣም። ምናልባት ባልዲ ስንቀይር አምልጦን ይሆናል።

እውነተኛ የአሸናፊ አስተሳሰብ ማየት የሚሻ ሰው ግን ወደ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ይመለስ። የከተማው አስተዳደር የ25,791 ኮንዶሚኒየም ዕጣ አወጣ። ቀናት ሳይቆጠሩ ዕጣው ተሰረዘ፤ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ስም ዳታው ውስጥ ገብቶ ተገኝቷልና። ኃላፊዎችና የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ተጠርጥረው ታሠሩ። አስቡት እስቲ። ምስኪኑ ቆጣቢ በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግቦ በየወሩ ንግድ ባንክ እየተሰለፈ «ለእኔ አይደርሰኝም» ብሎ በአሉታዊ አስተሳሰብ ሲኖር፣ ያኛው ሳንቲም ሳይቆጥብ «ይደርሰኛል» ብሎ አመነ። ማመን ብቻም አይደለም፣ ተገበረው። ገደብ የሌለው አስተሳሰብ ከተባለ ከዚህ ወዲያ አላየሁም። እነዚያ ሰዎች ሥልጠና ቢሰጡ ቪአይፒ ከፍዬ እገባ ነበር፤ ቢያንስ የሚያስተምሩት የሠሩበትን ነው።

የፈረንጅ ሳይንስ ካልተጠቀሰ ሥልጠናው አይሟላም። «ተነሡ! እጅ ወገብ ላይ! ደረት ይነፋ! ሁለት ደቂቃ!» እንባላለን። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2010 በ42 ሰዎች ላይ የተሠራና እንዲህ መቆም ሆርሞን ይለውጣል ያለ አንድ ጥናት ነው። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዷ ኤሚ ከዲ በ2012 መድረክ ላይ ስትናገርለት ዓለም አጨበጨበ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች በ200 ሰው ላይ ደግመው ሞክረውት ሆርሞን ላይ ያመጣውን ለውጥ አጡት። በ2016 ደግሞ የጥናቱ ዋና ጸሐፊ ዳና ካርኒ ራሷ «ውጤቱ እውነተኛ ነው ብዬ አላምንም» ስትል በጽሑፍ አሳወቀች። ይህ የመጨረሻው ክፍል ልደታ ገና አልደረሰም። የባቡር መለዋወጫ በቶሎ በማይገባበት አገር የጥናት እርማት ቢዘገይ አይደንቅም።

ማይንድሴት የሚለውን ስም በዓለም ያስለመደችው የስታንፎርዷ የሥነ ልቦና ምሁር ካሮል ድዌክም እ.ኤ.አ. የ2006 መጽሐፏ በየአስፋልቱ ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል። ሴትየዋ የምትለው ግን ሌላ ነው። በ2015 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ልጅ ሲወድቅ አስተሳሰቡን ተጠያቂ እያደረጉ የራስን ድርሻ መሸፈኛ እንዳይሆን አስጠንቅቃለች። በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ በታተመውና 12,000 ያህል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ባሳተፈው የአሜሪካ ጥናት፣ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ልጆች ያገኙት ጭማሪ 0.1 ነጥብ ነው። ከ4 መሆኑ ነው። ጥቂትም ቢሆን ጭማሪ ነው፤ የወሰደውም ከአንድ ሰዓት በታች ስለሆነ አላቃልለውም። ችግሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ 0.1 ነጥቡ «ሚሊየነር» ይሆናል። ስለ ሀብታሙ አባትና ስለ ድሃው አባት የጻፈው ሮበርት ኪዮሳኪም አለ፤ መጽሐፉን ያልያዘ ሰልጣኝ የለም። ንግግሮቹን ሲያዘጋጅለት ለነበረ ድርጅት 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ክፈል ሲባል ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ማመልከቻ ማስገባቱ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። መጽሐፉ ቀድሞ ስለታተመ ይቅር እንበለው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥበብ ቅዳሜ ላይ ብቻ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ልደታ ባቡር ጣቢያ አንድ አሰልጣኝ ይመደብልን። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀመር 41 የነበሩት ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል፤ ሰውም ሰልፍ ላይ ያማርራል። «ባቡር አልመጣም አትበል፤ እኔ አልደረስኩበትም በል» የሚል ሰው ቢኖር ጉዳዩ በአንድ ሞንታርቦ ያልቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አሰልጣኝ የሚያስፈልገን ደሞዝ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። ወለሉ ግን አልተነጠፈም። ብልህ ድርጅቶች ታዲያ ቦርዱን ሳይጠብቁ አሰልጣኝ ይጠራሉ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሠራተኛው የድርጅቱ አርማ ያለበት ቲሸርት ይታደለዋል፣ ምሳ ይበላል፣ «ደሞዝ የድሃ አስተሳሰብ ነው» የሚል ንግግር ይሰማል። ንግግሩን የሚያደርገው ሰው ግን ሒሳቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። ወለል ለሌለው ሠራተኛ ጣሪያ የሌለው አስተሳሰብ ሰጥቶ መሸኘት ለአሠሪ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠይቋት፤ ቲሸርቱንም ጨምራ ትነግራችኋለች።

መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም የእኔን ይዤ ወጣሁ። መውጫው ላይ ደረሰኝ ጠየቅኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ «ሰበብ አትደርድር» ሲለን የዋለው አዳራሽ አስተናጋጅ «ሲስተም የለም» አለኝ።

በራስ መተማመንን የምጠላ አይደለሁም፤ ያለ እሱ ሰው አይራመድም። ያየሁት ግን ሌላ ቦታ ሲበቅል ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ሴት ዕቁብ የደረሳት ሰሞን ከደንብ አስከባሪ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም ነበር። ማንም አላሰለጠናትም። በቀጣዩ ወር የምትከፍለው ነበራት፣ ስሟ የተጻፈበት መዝገብ ነበር፣ ነገ ቢያስነሷት «የት ሄደች?» ብለው የሚጠይቁ የዕቁብ ሰዎች ነበሩ። አሰልጣኙ ይህን በሦስት ሰዓት ሊሰጣት አይችልም፤ ሊሸጥላት ግን ይሞክራል። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ስላላት አትመጣም።

ስለዚህ ያቺ ከኋላ እጇን ያወጣችው ልጅ ይህን ካነበበች፦ ባለቤት ሆነሽ የተኛሽበት ሌሊት አልፏል። ነገ ጠዋት መታወቂያሽን ይዘሽ ወረዳ ሂጂና የኪራይ ውልሽ መመዝገቡን አጣሪ። ካልተመዘገበ አስመዝግቢ፤ በጽሑፍ ካልሆነም እትዬን በትሕትና «እንፈራረም» በያቸው። ሰርተፊኬቱን ቤት ተይው፣ ማንም አይጠይቅሽም።