ጋቢዬን መልሺልኝ

በኛ መንደር፣ አሪቻ ውስጥ፣ ጋቢ የሚታጠበው ለበዓልና ለለቅሶ ነበር። ዘንድሮ ለባዮሎጂም መታጠብ ጀምሯል።

የልጅ ልጄ ዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ታጠናለች። ለእረፍት ስትመጣ ለአያቷ ስኳር ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታክል ፕሮጀክተር አወጣች። ከጓደኛዋ ተውሳ ነው። «አባባ፣ ግድግዳው ጭስ ጠጥቷል፤ ጋቢዎን ላፍታ» አለችና ከትከሻዬ ገፍፋ በሁለት ምስማር ሰቀለችው። በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ጋቢዬ ላይ የሰው ልብ ሲመታ አየሁ። ደሙ በቀኝ ይገባል፣ ሳንባ ደርሶ በግራ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ መላ አካል ይረጫል። የጎረቤት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። «ሽማግሌው በረደው» ያለ አንድ ሰው የለም።

ለዚህ ኖሯል በ1988 ዓ.ም. ዲላ ላይ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲከፈት እልል ያልነው። ያ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ልጅቱን የቴክኖሎጂ ኮርስ አስያዛት፤ ኮርሱ ደግሞ «በሰው ፊት ተለማመዱ» አላት። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣሁት ከክፍል ለመገላገል ነበር፤ በስተርጅና ተማሪ ሆኜ የፊት ወንበር ተሰጠኝ።

እኔም እኮ መምህር ነበርኩ! በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኔን ጎረምሳውን አስተማሪ አደረገኝ። ዕቃዬ ጠመኔ፣ ጥቁር የተቀባ ጣውላና ጉሮሮዬ ነበር። ጠመኔ ሲያልቅ ከሰልና ግድግዳ አለ፤ ጉሮሮ ሲያልቅ ቡና አለ። ቻርጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከልጃቸው የሚያንስ አስተማሪ ፊት ተቀምጠው «ሀ» ብለው የጀመሩ እናቶች በስተኋላ ስማቸውን ጽፈው ነው ያሳዩኝ። ዘመቻው ከጥቂት ቋንቋ ተነስቶ 15 ሲደርስ የኛም ጌዴኡፋ ገባበት። በ1972 ዩኔስኮ ሸለመን ተባለ። ሽልማቱ እኔ ዘንድ እስካሁን አልደረሰም፤ መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል።

ከዚያ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ትምህርት በሬዲዮ ነበረ። ሬዲዮ ጨዋ ነው። ድንጋዩ ካለቀ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል እኔ እቀጥላለሁ፤ ማንም አይጎዳም።

ፕላዝማ ግን ሌላ ጉድ ነው። 1997 ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየክፍላቸው ትልቅ ቴሌቪዥን ተከሉ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይለቀቃል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት። እኔ ያን ጊዜ ተሻሽዬ፣ ስሙን የማልጠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሼ ነበር። መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ለኔ፣ መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ለኔ፤ መሀሉ የፕላዝማዋ። የክፍሉን በር ከፍቼ የምዘጋ ዘበኛ ሆንኩ በሉት።

ፕላዝማዋ ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። ክፍሉ ጭጭ። ከዚያ ፈገግ ብላ «ዌል ደን!» ትላለች። ማን ምን መለሰና ነው? አንዱ ልጅ እንግሊዝኛው አልገባው ብሎ እጁን ሲያወጣ እሷ ገጹን ገልብጣ ሄዳለች። እኔ ላብራራ አፌን ስከፍት በድምፅ ትበልጠኛለች። መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ እሷ ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ናት፤ ሳተላይት ለይርጋጨፌ ብሎ አይቆምማ። ጥቅምትና ኅዳር ሲደርስ ደግሞ ቡናው ቀልቶ ግማሹ ተማሪ ለቀማ ላይ ነው። እኔ ብሆን ከባዱን ትምህርት ለጥር አሳድረው ነበር። እሷ ባዶ ወንበር ፊት ቆማ ካልኩለስ ትዘረግፋለች። ስም ጠርታ አታውቅ፣ ማን እንደቀረ በምን ታውቃለች?

የዚያን ጊዜ ቂም ነው የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ «ቴክኖሎጂ» ሲባል ሆዴ ይላወሳል። 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ «ልጆች በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይማሩ» ተባለ። ሬዲዮኑ ባለበት ቤት፣ ስልኩ ባለበት ቤት ማለት ነው። 2016 ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር ሆነ። በዚያው ክረምት 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በሦስት ዓመት ኮዲንግ እናስተምር የሚል ዘመቻ ወጣ፤ ልጅቱም ተመዝግባ ሰርተፍኬቷን በስልኳ አሳየችኝ። የኛ ዘመቻ ሰርተፍኬት ቢያንስ ወረቀት ነበር፤ አይጥ ሲበላው ያሳዝናል።

እና አሁን ይህቺ ልጅ መጥታ ቤቴን ክፍል አደረገችው። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ጫፍ ላይ ስለሆነ ቪዲዮዋን ለማውረድ በጠዋት ትወጣለች፣ የካርዱን ብር ከኔ ኪስ ወስዳ። ስትመለስ ጉልበቷ በጭቃ፣ ስልኳ በትምህርት ተሞልቶ ነው። «እዚያ ላይ አውርጄ እዚህ ያለኔትወርክ አሳያለሁ» ትላለች። ሰበብ አሳጣችኝ፤ ኔትወርክ የለም ብዬ ልሳለቅባት ነበር እኮ።

የትምህርት ዕቅድ ስታወጣ ደግሞ ያንን ጥያቄ የሚመልሰውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ታማክራለች። ለ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ለማስተማር «አንድ ፒዛ ለ8 ልጆች» ብሎ መለሰላት። አሪቻ ውስጥ ፒዛ! ልቆጣ ስነሳ ቀድማኝ ሰርዛ «አንድ ቆጮ» ብላ ጽፋለች።

«ቆጮ 8 ቦታ እኩል ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም፤ ትልቁ ለአባወራው ነው» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው አባባ ክፍልፋይ የሚማሩት» አለችኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የቡና አበባው ነው። «የአበባን ነገር በቪዲዮ ላሳይ» ስትል በረንዳው ድረስ ተቆጥቼ ወጣሁ። አበባ ደጃፌ ላይ እያለ! ጌዴኦ ውስጥ፣ እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፍ ሥር አብረው በሚኖሩበት፣ ዩኔስኮ 2016 መግቢያ ላይ መልክዓ ምድሩን የዓለም ቅርስ ብሎ በመዘገበው አገር፣ ቡና በቪዲዮ? ልጅቱ ዝም ብላ ከቀርከሃ ማቆሚያ ሠራች፣ ስልኳን ቡናው ሥር ተከለች፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሌሊቱን አሳደረችው። ጠዋት አየነው። እንቡጡ ሲያብጥ፣ ሲላቀቅ፣ አምስቱ ቅጠል ወደ ኋላ ሲዘረጋ። ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ቆይቶ የሚረግፈውን አበባ ዕድሜዬን ሙሉ አሽትቻለሁ፤ ሲከፈት ግን እኔ ተኝቻለሁ፣ አባቴም ተኝቶ ነበር፣ አያቴም። ደግማ እንድታሳየኝ አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ጠየቀች፤ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አየሁ እንጂ።

ቪዲዮውን ስታሳይ ታዲያ ጣቷ ከማቆሚያው አይነሳም። አበባው እኩሌታ ሲደርስ ታቆመዋለች። «ይህ በመሀል የወጣው ምንድነው? አንተ በል» ትላለች፣ ጥግ ላይ የተደበቀውን ልጅ። ልጁ ያስባል። ትጠብቀዋለች። ዌል ደን አትልም፤ «ለምን እንደዚያ አልክ?» ትላለች። ካልገባው በጌዴኡፋ ትደግምለታለች። ስልኳ ሲዘጋ ደግሞ ግራ አትጋባም፤ ከሰል አንስታ በሩ ላይ ትስላለች። በሬ ላይ! የተቀባው ለፋሲካ ነው። ያቺ ፕላዝማ ያልነበራት አንድ ጣት ይህቺ ልጅ አላት፤ ለዚያ አንድ ጣት ስንት ዓመት ቂም ተሸክሜ ኖርኩ።

ችግሩ ጣቷ ከስልኩ አልፎ ወደኔ መጣ። «ለታሪክ ትምህርት ድምፅዎን ልቅዳ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ጉሮሮዬን ጠርጌ የሚጭሌን ነገር ጀመርኩ፤ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በባለመሬቶቹ ላይ የተነሳበትን፣ እኔ ሕፃን እያለሁ የሆነውን፣ አባቴ በየምሽቱ ያወራኝን። ገበሬው ጦሩን ይዞ ሲሰበሰብ አልኩ። ሴቶቹ ስንቅ ሲያቀብሉ አልኩ። ልክ የመንግሥት ኃይል ሊደርስ ሲል፣ እኔም በትሬን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ ስነሳ፣ ጣቷን ቀሰረች።

«እዚህ ላይ እናቁም አባባ። ልጆች፣ ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?»

አንዱ «ይሸሻሉ» አለ፣ ሌላው «ይታረቃሉ» አለ፣ ክርክሩ ተነሳ፣ መሸ፣ የልጆቹ እናቶች ለራት ጠሩ። እኔ በትሬን እንዳነጣጠርኩ ቀረሁ። ክፍል ሁለትን በሚቀጥለው እረፍት እቀዳለሁ ብላ ወደ ዲላ ተመልሳለች፤ ወታደሮቹ እስካሁን ስልኳ ውስጥ መንገድ ላይ ናቸው።