«ዶላር ገባ» ላለ፣ «ስንቱ ወጣ?»

የጊንጪ ተረበኛ ዘንድሮ ስድብ ፍለጋ አይደክምም፤ የዶላር ቁጥር ይበቃዋል። አንድ ደላላ አለ፤ ኤክስፖርት ያለበት ሁሉ አለ፣ ደረሰኝ ያለበት ግን የለም። አንዲት እትዬ አሉ፤ በሆለታ መስመር የአበባ እርሻ ሒሳብ ሲሠሩ የሸበቱ። አንድ ሾፌር አለ፤ ሳይጠሩት የሚመልስ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ ጭልሞ ደን ያለው ጦጣ ሳይቀር ጆሮውን ያቆማል።

ደላላው ጀመረ፦ «እትዬ፣ ሰምተዋል? በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወጪ ንግድ 8.3 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። በ2016 እኮ 3.8 ነበር። አገር ሲበር እርስዎ ካልኩሌተር ይደባብሳሉ!»

«ከዚያ ውስጥ ከ3 ቢሊዮን በላዩ ወርቅ ነው፤ አንተ የያዝከው ጽጌረዳ ነው። በሰው ወርቅ ደረትህን አትንፋ።»

«ጽጌረዳስ ምን አነሰው? ቆርጦ መላክ ነው!»

«አንተ አበባ የምታውቀው ፎቶ ስትነሳ ነው። ሲነጋ ይቆረጣል፤ ሳይውል ሳያድር ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፤ ግንዱ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ይታሰራል፤ ካርቶን ይገባል፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይወርዳል። በየደረጃው የሰው እጅ አለ፣ መብራት አለ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጄኔሬተር አለ።»

ሾፌሩ፦ «ጄኔሬተሩ እንኳ ናፍጣ ጠጥቶ ይሠራል። ይኼ ልጅ ማኪያቶ ጠጥቶ ያወራል።»

ደላላው አልተበገረም። «አውሮፕላን ላይ ከወጣ በኋላማ አበቃ፤ አበባ ቀላል ነው፣ ኪሎ አይሞላም!»

እትዬ ብዕር አወጡና የካርቶኑን መጠን በናፕኪን ላይ ጻፉለት። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሲባዛ 100,000 ይመጣል። የአየር ጭነት የሚያስከፍለው ሚዛኑን ብቻ አይቶ አይደለም፤ ይህን ለ6,000 ያካፍልና ከሚዛኑ ጋር ያስተያየዋል፣ የበለጠውን ያስከፍላል። 16.7 ኪሎ ግድም ወጣ። ካርቶኑ ሚዛን ላይ 14 ኪሎ ቢሆን እንኳ የሚከፈለው በ16.7 ነው።

«አየህ? ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ አየር ነው። እኔ ለአየር እከፍላለሁ፤ አንተ አየር ትሸጣለህ።»

ቡና ቤቱ ሳቀ። ደላላው ግን ምንዛሪ የሚባል ካርታ ነበረው፤ መዘዘው።

«ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል እንኳን ላኪው እኔም እልል ብያለሁ! 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ከርሞ 120ን አለፈ። እርስዎ ተኝተው ሀብታም ሆኑ እኮ!»

«የተኛሁትስ በምን ሒሳብ? ማዳበሪያው፣ ኬሚካሉ፣ የግሪንሃውሱ ፕላስቲክ፣ ለዝርያው ባለቤት የሚከፈለው ሮያሊቲ፣ ያ አየሩን የጫንክበት አውሮፕላን፣ ሁሉም ዶላርና ዩሮ ይላል። እንበል ከመቶ ዶላር ሽያጭ ሰባው ለእነዚህ ወጣ። ዶላር በ57ም ይመንዘር በ120 ሰባው ያው ሰባ ነው። ምንዛሪ የጠቀመኝ በቀሪው ሠላሳ ነው። እሱን ደግሞ ደመወዝ፣ ናፍጣና የመኪና ኪራይ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ እነሱም ዋጋቸውን ከዶላሩ ኋላ ኋላ እያስከተሉ ነው።»

«በዚያው የምንዛሪ ማሻሻያ ግማሹን ዶላር ለራሳችሁ ያዙ ተባለላችሁ አይደል? ምን ያስጨንቅዎታል?»

«ሃምሳ ይዤ ሰባ ልከፍል? ሃያውን አንተ ታበድረኛለህ?»

«እኔ እንኳ...»

«አውቃለሁ፤ አንተ መደመር ስትማር ነው ትምህርት ቤቱ የተዘጋው። መቀነስ ጋ አልደረሳችሁም።»

ሾፌሩም ከጂቡቲ ስለሚመጣው ዕቃ የራሱን ጣለ፦ «ዕቃው ወደብ ቁጭ ባለ ቁጥር ኪራይ ይቆጠርበታል። አንተ እዚህ ስትቀመጥ ቆጣሪ ቢኖርህ ይሄኔ አገር በሸጥክ ነበር።»

ደላላው መንገድ ቀየረ። «እሺ አበባው ይቅር። ሰንቀሌን እዩ! አምቦ ውሃ ከመሬት ከነጋዙ ይፈልቃል። እግዜር ያመረተውን መሸጥ ምን ወጪ አለው?»

«እግዜር ጠርሙስ አላመረተም» አሉ እትዬ። «ጠርሙሱ ይሰበሰባል፣ ይታጠባል፣ ክዳኑ ይገዛል፣ ሳጥኑ ይጫናል።»

«ሲሄድ ሙሉ፣ ሲመለስ ባዶ» አለ ሾፌሩ። «ናፍጣው ግን ባዶ ነህ ብሎ አይምረኝም። አንተም እንደዚያው ነህ፤ ባዶህን ስትመጣ ለጆሯችን ታስከፍለናለህ።»

«እሺ፣ ጉልበት ርካሽ አይደለም ልትሉኝ ነው? ለግል ድርጅት እኮ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ አልተቆረጠም!»

እትዬ እዚህ ላይ ፊታቸው ጠቆረ። «ርካሽ ያልካት ልጅ የቤት ኪራይ ሲጨመርባት ሥራውን ጥላ ትሄዳለች። አዲሷን እስካስተምር ግንድ አሳጥራ ትቆርጣለች፣ እንቡጥ ትሰብራለች። 60 ሴንቲ መሆን የሚችለው አበባ 40 ይሆናል፤ ዋጋውም አብሮ ያጥራል። ያ ኪሳራ ደመወዝ በሚለው መስመር ላይ ስላልተጻፈ ነው ርካሽ የመሰለህ።»

ደላላው የመጨረሻውን ጥይት ተኮሰ። «በመሬቱ አትከራከሩኝም፤ መሬት ርካሽ ነው!»

ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ኩባያውን አስቀመጠ።

«በኅዳር 2008 እዚህ ከተማ ነበርክ? የኳስ ሜዳውና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ሲባል ተማሪው ወጣ። ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳረሰ። ሰው ሞተ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በነሐሴ፣ ባህር ዳር ዙሪያ የአበባ እርሻ ነደደ። ርካሽ የምትለው መሬት ደረሰኙ አይቀርም፤ ይዘገያል እንጂ። የሞተውን ደግሞ የትኛውም መዝገብ አያካክሰውም።»

«እኔ ያልኩት እኮ ሊዙን ነው» አለ ደላላው ቀስ ብሎ።

«እኛም ያልነው ሊዙን ነው» አሉ እትዬ። «አንተ የምታነበው የተከፈለውን ነው፤ እኛ ያልተከፈለውን።»

ተረቡን እትዬ አሸንፈዋል፤ ዳኛ አያስፈልገውም። ደላላውንም ብቻውን አንፍረድበት። ዜናው በየሩብ ዓመቱ ገቢውን በትልቁ ሲያነብልን ወጪውን የሚጠይቅ ስለሌለ ነው የደላላ አፍ የተከፈተው። የወጪ ንግድ ሲያድግ ደስ ይላል፤ ግን ዶላር ለማምጣት ስንት ዶላር ወጣ ካላልን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ።

እና አንባቢ ሆይ፣ ነገ አንዱ መጥቶ «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ላክን» ቢልህ ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለግብዓትና ለጭነት ተመልሶ ወጣ? የቀረው ለሠራተኛው ስንት ደረሰ? መሬቱ ላይ ይኖር የነበረው ሰውስ ምን አለ? ሦስቱን ከመለሰ ቡናውን ጋብዘው። ካልመለሰ የራሱን ሒሳብ ራሱ ይክፈል።