የመቅደላ ጎብኚዎች መግቢያና መውጫ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከቦረና እስከ ሳይንት፣ ከለጋምቦ እስከ ተንታ ያለህ የደጋ ሰው፣ ባሕር ተሻግረህ የምትመጣም እንግዳ፤

ባለ ግንብ ጥንታዊ ከተማ ለማየት ድንበር መሻገር የሰው ሁሉ አምሮት ስለሆነ፤ ግንቧ ገደል፣ በሯ ሁለት የሆነች መቅደላም በእኛው ደጋ ስላለች፤ በ1860 ዓ.ም. 44 ዝሆንና 13 ሺህ ያህል ወታደር አስከትለው ያለ ቪዛ የጎበኟት እንግዶች ብዙ ስላስተማሩን፤ እኛ መካነ ሰላም ጠላ ቤት የተሰየምን ሕግ አውጪዎች፣ ሁለተኛው ጣሳ ሳያልቅ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ። «ጎብኚ» ማለት አይቶ የሚሄድ ነው። አይቶ፣ አቃጥሎ፣ ጭኖ የሚሄድ ሌላ ስም አለው፤ ለጨዋነት ስንል ትተነዋል።

አንቀጽ 2፤ ቪዛ። ከለንደን የሚመጣ አመልካች የ6 ወር የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታና ወደ አገሩ ተመልሶ እንደሚሄድ ማስረጃ ያቀርባል፤ የማይመለስ ክፍያም ይከፍላል። ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ዘውድ ለማየት ሲያመለክቱ የሚጠየቁት ይኸው ስለሆነ አድልዎ የለበትም። እርግጥ በ1860 ዓ.ም. የመጡት የጄኔራል ናፒየር ሰዎችም ተመልሰው ሄደዋል፤ ያስቸገረን ባዶ እጃቸውን አለመሄዳቸው ነው።

አንቀጽ 3፤ ፍተሻ። የሚፈተሸው የሚገባ ሳይሆን የሚወጣ ነው። ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦት፣ ብራና፣ የንጉሥ ጸጉርና የንጉሥ ልጅ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ጸጉሩስ በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል፤ የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ግን ዛሬም ዊንድሰር አፈር ውስጥ ነው።

አንቀጽ 4፤ ብድር። እንግዳው አምባው ላይ ባርኔጣውን ቢረሳ የእኛ ሆነ ማለት ነው። መልሱልኝ ካለ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. ባሳየን ደግነት መሠረት፣ የገዛ ባርኔጣውን በረጅም ጊዜ ብድር እንሰጠዋለን።

አንቀጽ 5፤ ጥበቃ። የብሪታንያ ሙዚየም 11 ታቦቶቻችንን ማንም እንዳያያቸው ቆልፎ ስላስቀመጠልን እናመሰግናለን። ነገር ግን ታቦትን ከሰው ዓይን መሰወርማ መቅደሳችንም ያውቅበት ነበር።

አንቀጽ 6፤ የቀረ ቅርስ። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ይታያል። ለጥበቃው የሚመሰገነው ዘበኛ ሳይሆን 7 ቶን ገደማ የሆነው ክብደቱ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚሠራ ቅርስ ሁሉ ከ7 ቶን እንዳያንስ አዘናል።

አንቀጽ 7፤ ጽናት። ይህ አዋጅ ከታወጀበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው። የሚሻረውም ከመቅደላ የወጣው የመጨረሻው ዕቃ፣ በብድር ሳይሆን በባለቤትነት፣ ወደ ቤቱ የገባ ዕለት ነው።