መሪው ሳይጠየቅ ተፈረደበት

የአዲስ አበባው ልደታ ማርያም ሰፈር ፍርድ ቤትም የባቡር ጣቢያም አለው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያልፍበት ቀላል ባቡር መሪ የለውምና መሪው አይጠምምበትም፤ ሐዲዱ ወዳደረሰው ይሄዳል። አጠገቡ የሚርመሰመሰው ቪትስና ሚኒባስ ግን መሪ ስላለው ጣጣ አለው። ቴስቲና ወይም ታይሮድ ተቀይሮለት ከጋራዥ የወጣ መኪና ራሱ ቀጥ ብሎ እየሄደ፣ መሪው ግን ነጠላ ከአንድ ትከሻው እንደተንሸራተተበት ሰው ወደ ጎን ያዘነብላል። የባለመኪናው ፍርድ ፈጣን ነው፦ «መሪውን ንቀልና አቅንተህ ግጠመው!» ፍርድ ቤት ባለበት ሰፈር እንዲህ ያለ ችኮላ አያምርም። ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው የሚባለው ለዓሣ ነው እንጂ ለመኪና አይሠራም፤ የመኪና መሪ የሚጠምመው ከሥሩ ያሉት ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው።

ማስረጃው እነሆ። ከመሪ ሳጥኑ ግራና ቀኝ ወጥተው ጎማዎቹን የሚያዝዙት ሁለቱ ታይሮዶች ናቸው። በታይሮዱ ጫፍ በክር የሚገባው አሮጌ ቴስቲና ሲፈታ ስንት ዙር ገብቶ እንደነበር ካልተቆጠረ፣ አዲሱ ሲገባ አንዱ ወገን ይረዝማል ወይም ያጥራል። የፊት ጎማዎቹ ልዩነቱን ተካፍለው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ዕዳውን መሪው በመጥመም ይከፍላል። መድኃኒቱም እዚያው ታች ነው፦ መሪው ቀጥ እንዳለ ይታሰርና፣ የጎማዎቹ አቋም አስቀድሞ ትክክል ከሆነ፣ አንዱ ታይሮድ ባጠረው ልክ ሌላው ይረዝማል። ድምሩ ስለማይለወጥ የጎማዎቹ አቋም አይነካም፤ መሪው ብቻ ወደ መሐሉ ይመለሳል። አንዱን ወገን ብቻ የነካ መካኒክ ግን መሪ አቅንቶ ጎማ ያጣምማል፤ የጎማውም ጠርዝ ተበልቶ ያልቃል።

«መሪውን ነቅሎ አንድ ጥርስ ማዞር አይቀልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። መቅለሉስ ይቀላል። ነገር ግን መሪው የሚገጠምበት ዘንግ ጥርስ 36 ቢሆን እያንዳንዱ 10 ዲግሪ ነው፤ ወደ ግራ 6 ዲግሪ የጠመመ መሪ በዚህ ጥበብ ወደ ቀኝ 4 ዲግሪ ይጠምማል። ፍሬቻው በራሱ የሚመለሰው በዘንጉ አቀማመጥ ተለክቶ በሆነበት መኪናም፣ በአንዱ ወገን ያለጊዜው ሊጠፋ፣ በሌላው ሰርግ እንዳጀበ መኪና ብልጭ ድርግም ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። መሪው ላይ ኤርባግ ካለ ደግሞ ባትሪ ሳይፈቱ መንቀል ድፍረት ነው። «ቀጥ ብሎ ከሄደ መጥመሙ ማንን ጎዳ?» ለሚለውም መልስ አለ፦ የመሪ ሳጥኑ ከመሐሉ ስለራቀ በአንዱ አቅጣጫ መሪው ቶሎ ያልቃል፤ በጠባብ መንገድ ዞሮ ለመመለስ የሚታገል ሹፌር ያውቀዋል። የመሪውን አቅጣጫ የሚለካ ሴንሰር ያለው መኪና ደግሞ ቀጥ ብሎ እየሄደ የታጠፈ ይመስለዋል።

ለከሳሾቹም አንድ ሐቅ እንተውላቸው። የመሪ ሳጥኑ ተቀይሮ ዘንጉ በተሳሳተ ጥርስ ከተጋጠመ፣ ወይም ቀድሞ አንድ ችኩል እጅ መሪውን ነቅሎ ካዛወረው፣ ጥፋቱ በእርግጥም ከላይ ነው። ይህን የሚለየው ቆጠራ ነው። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡ፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር 3 ዙር ከዞረ መሐሉ 1 ዙር ተኩል ላይ ነው። እዚያ ላይ ቀጥ ካለ መሪው ነፃ ነው፤ ታይሮዶቹ ይጠየቁ። እዚያም ከጠመመ ያን ጊዜ መፍቻው ወደ ላይ ይምጣ። ብይኑ አጭር ነው፦ ቆጠራ ሳይደረግ መሪ አይነሣም።