ሞረድ መድኃኒት አይደለም

የበቀቀናችን ምንቃር ደግሞ ረዘመ። የላይኛው ጫፍ ወደ ታች ተቆልምሞ ጉሮሮውን ሊወጋ ምንም አልቀረው። ጎንና ጎኑ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ከሥሩ አጠገብ ደግሞ ያቺ የማውቃት ደም የቋጠረች ጥቁር ነጥብ ተመልሳ ወጥታለች። ተሞርዶ፣ ተስተካክሎ፣ «አሁን አማረበት» ተብሎ ከክሊኒክ ከወጣ ገና ብዙም አልቆየ። ኧረ እስከ መቼ ነው? በቀቀን የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚቀር አይመስለኝም። ይሞረዳል፣ ይረዝማል፤ ይሞረዳል፣ ይረዝማል። ገንዘቡም ይሄዳል፣ ወፉም በፎጣ ተጠቅልሎ ይጮኻል፣ እኛም ተሸማቅቀን እንመለሳለን።

ጎበዜ አረንጓዴ የአማዞን በቀቀን ነው። እዚህ ሜሪላንድ ወደ ቤታችን የመጣው የቀድሞ ባለቤቱ መጦሪያ ቤት ሲገቡ ነው። እነዚህ ወፎች በደህና ከተያዙ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚኖሩ ብዙዎቹ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ጎበዜም ሲመጣ ኬጁን፣ መስተዋቱንና አንድ ትልቅ ከረጢት የሱፍ አበባ ፍሬ ይዞ መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም። በእኛ ቤት «ቡና ጠጡ» ማለት ተምሯል፤ ጀበናው ሲወጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው።

ምንቃር ለሚያየው ሰው የሞተ ነገር ይመስላል። አይደለም። ውስጡ አጥንት ነው፤ አጥንቱን የሚሸፍነው የእኛም ጥፍር የተሠራበት ኬራቲን ነው፤ በመካከላቸው የደም ሥርና ነርቭ ያልፋል። ጫፉ ላይ የነርቭ ክምችት ስላለው ወፉ የያዘውን ነገር በዚያ ዳስሶ ይለያል፤ ፍሬውን አገላብጦ ልጣጩን ከውስጡ የሚለየውም በዚሁ ነው። የላይኛው ምንቃር ከራስ ቅሉ ጋር በማጠፊያ ስለተያያዘ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሦስተኛ እግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላቭበርድ የሚባሉትን ትናንሽ በቀቀኖች ቀጥ ያለ ነገር ላይ እያስወጣ ኃይላቸውን ሲለካ፣ ምንቃራቸው ከእግራቸው ያላነሰ ኃይል እንደሚሰጥ አሳይቷል። እንግዲህ ይህንን ነው እንደ ትርፍ ነገር «ቆረጥ አድርጊለት» የሚሉኝ።

ኬራቲኑ ዕድሜ ልክ ያድጋል። ወፉ እንጨት በማኘክ፣ ፍሬ በመስበር፣ ላይኛውን ከታችኛው ጋር በማፋጨት ራሱ ይሞርደዋል። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት የሚሰማው ያ የማፋጨት ድምፅ የጤና ድምፅ ነው። ከላዩ ስስ ቅርፊት መላጡም የጤና ነው። ምንቃር የሚረዝመው በማደጉና በመሞረዱ መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን የሚጠረጥረው መሞረዱን ብቻ ነው። «እንጨት ስጪው»፣ «የሚያኝከው ድንጋይ ግዢለት»፣ «ሻካራ መቆሚያ አድርጊለት»። እንጨቱም አለው፣ ድንጋዩም አለው፣ መቆሚያውም ሻካራ ነው። ኬጁ ሥር የማይጠረግ የእንጨት ስብርባሪ ሞልቷል።

ጉዳዩ ማደጉ ላይ ነው። ለብዙ ዓመት ምንቃሩ ደህና የነበረ ትልቅ በቀቀን በድንገት ቶሎ ቶሎ ሲረዝምበት፣ የአእዋፍ ሐኪሞች አስቀድመው ከሚጠረጥሩት አንዱ ጉበት ነው። ጉበቱ በስብ ሲሞላ ወይም ሲታመም የሚሠራው ኬራቲን ልል ይሆናል፣ ይፈጥናል፣ ይሰነጠቃል፣ ደም ይቋጥራል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ባጂ በሚባሉት ትናንሽ በቀቀኖች ላይ ዐይን የማያየው ቅንቅን ምንቃሩ ሥር ገብቶ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቅርፊት ያወጣል። ላባንም ምንቃርንም የሚያበላሽ፣ ከወፍ ወደ ወፍ የሚተላለፍ ቫይረስ አለ። የቫይታሚን ኤ እጥረት አለ። ገና ጫጩት ሳለ ወድቆ ምንቃሩ የሚበቅልበት ቦታ የተጎዳም አለ፤ የእሱ ዕድሜ ልኩን ወደ ጎን ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ሕክምና ወይም አያያዝ አላቸው። ሞረድ ግን የአንዳቸውም መድኃኒት አይደለም። ሞረድ ወፉ እንዲበላ ያደርገዋል፣ ያ ብቻ ነው። ያስፈልጋል፤ አያድንም።

ይህን ለማወቅ ግን ስንት በር ማንኳኳት ኖሯል! መጀመሪያ ስልኩ አለ። «ውሻ ነው ድመት?» ይሉሻል። ወፍ ነው ስትዪ ዝምታ። «ወፍ አናይም።» ቀጥሎ ያለው ደግሞ «ጥፍርና ምንቃር እንቆርጣለን» ይላል፤ ለመቁረጥ ሁሉም ዝግጁ ነው። ወፉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል፣ የሚሽከረከር ሞረድ ሲጮኽ ይሰማል፣ ወፉ ሲጮኽ ይሰማል፣ ከዚያ ሂሳብ። ምን ይበላል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ክብደቱን የጻፈ አልነበረም። ለምን ቶሎ ተመለሰ ብሎ ግር ያለው ሰው ማየት ናፈቀኝ። በዚህ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ለብቻው ተፈትነው የአእዋፍ ስፔሻሊስት የሚሆኑበት መንገድ አለ፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ቀጠሯቸው ሩቅ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። በመጨረሻ ያገኘናት ሐኪም ሞረዱን ሳትነካ ደም ወሰደች፣ ራጅ አነሳች፣ ጉበቱ ማበጡን አሳየችን። «ይህን ምንቃር የሚያስረዝመው ኬጁ ውስጥ ያለው ሳህን ነው» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር የሚነግረን አጥተን ነበር።

ሳህኑ! ወደ ማንኛውም የቤት እንስሳት መደብር ግቡ። የበቀቀን ሥዕል ያለበትን ትልቁን ከረጢት አንሡ። በአብዛኛው የሱፍ አበባ ፍሬ ነው፣ ቀለም የተቀባ ነገር ጣል ጣል ተደርጎበታል። የሱፍ አበባ ፍሬ ልጣጩ ሲነሣ ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ስብ ነው፤ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ ካልሲየሙም ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ በርሮ ለሚውል ወፍ አልፎ አልፎ ቢገኝ ምንም አይደለም። ኬጅ ውስጥ ለሚቀመጥ ወፍ የየዕለት ምግብ ማድረግ ግን ጉበቱን ቀስ በቀስ ማጥፋት ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ስለ በቀቀን የሚጽፉ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲደጋግሙት የኖሩት ነው። ከረጢቱ ግን እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሥዕሉም ያው ነው፣ ሰውም አምኖ ይገዛል። ገዢውን አልወቅስም፤ ከረጢቱ ላይ የወፉ ሥዕል ካለ የወፉ ምግብ ነው ብሎ ማመኑ ተገቢ ነው። የሚያናድደኝ የሚያውቀው ወገን ዝም ማለቱ ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ አለ። እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ቆሎው ይቀርባል፣ ጎበዜ «ቡና ጠጡ» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ከዚያ አንዲት እናት ከቆሎው ለውዙን መርጠው እጃቸውን ወደ ኬጁ ይዘረጋሉ። «ኧረ እማማ፣ አይሰጠውም፣ ጉበቱን ያመዋል» እላለሁ። «አንቺ ደግሞ! ወፉን በረሃብ ልትፈጂው ነው? ዐይኑን አታይውም እንዴ ሲለምን?» ይለምናል እንጂ! ስብ የለመደ በቀቀን ጠግቦም ይለምናል። እኚህን እናት አልቆጣቸውም፤ ለፍጥረት ማዘናቸው ነው፣ ለሚበላ አፍ እጅን ማጠፍ ነውር በሆነበት ቤት ያደጉ ናቸው። ግን እሳቸው ሲሄዱ ሌላው ይመጣል፣ ሌላውም ለውዝ አለው።

ለውዝ ደግሞ ከስቡ ሌላ የራሱ ጣጣ አለው። በደንብ ያልደረቀ ወይም እርጥበት ያገኘው ለውዝ ሻጋታ ሲይዘው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይፈጠርበታል፤ የመርዙ ዒላማ ጉበት ነው። ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው በወፎች ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ሲያልቁ በሽታው ምን እንደሆነ ጠፍቶ ነበር፤ ኋላ ሲመረመር ከብራዚል በመጣ የለውዝ መኖ ውስጥ የነበረ የሻጋታ መርዝ ሆኖ ተገኘ። የብዙ ወፎች ጉበት ለዚህ መርዝ ደካማ ነው። ይህን ለእንግዳ ሁሉ ቡና ላይ እየተናገሩ መኖር እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቃል።

«በአገር ቤት ወፍ ማን ምንቃሩን ይቆርጥለታል?» የሚለውም አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የክሊኒኩ ሂሳብ ሲነሳ ነው። እውነት ነው፣ ማንም አይቆርጥለትም። በደጋው አገራችን ያለው ክንፈ ጥቁሩ ላቭበርድ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም፤ የጥድ ፍሬ ይለቅማል፣ የሾላ ፍሬ ይበላል፣ ከዛፍ ዛፍ ሲበር ይውላል። የእሱ ምንቃር የሚስተካከለው በኑሮው ነው። ይህንን ኑሮ ነጥቀን ኬጅ ውስጥ ያስቀመጥነውን ወፍ ከእሱ ጋር ማስተያየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ካስቀመጥነው ዘንዳ ዕዳው የእኛ ነው።

ምግቡን መቀየርም ቢሆን ሲነገር ነው ቀላል። ዓመታት ፍሬ ብቻ የበላ በቀቀን ፔሌት የሚባለው የተዘጋጀ መኖ ምግብ መሆኑን አያውቅም። በአንድ ቀን ቢቀየርበት ሳህኑ ሙሉ ሆኖ እሱ ሊራብ ይችላል፤ ጉበቱ የታመመ ወፍ ደግሞ መራብ የለበትም። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ታቆሚዋለሽ፣ ግራሙን ትጽፊያለሽ፤ ከግማሽ ኪሎ የማይሞላ ፍጥረት ስለሆነ ጥቂት ግራም እንኳ ነገር ነው። ፔሌቱን ታረጥቢለታለሽ፣ ይጥለዋል። ጥሬ ጎመን ኬጁ ላይ ትሰቅያለሽ፣ ይሸሸዋል። ካሮት ትፈቀፍቂያለሽ፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ቅቅል ስኳር ድንችና ዱባም እንዲሁ።

የረዳን ቃሪያ ነው። ወፎች የሚያቃጥለው ነገር አይሰማቸውም፤ እኛን የሚያስለቅሰን ካፕሳይሲን የእነሱን ነርቭ አይቀሰቅስም። የበሰለ ቀይ ቃሪያ ስሰጠው በግራ እግሩ ይይዛል፣ አናቱን ይገነጥልና ይጥላል፣ ከዚያ ያንን የተቆለመመ ምንቃር ወደ ውስጥ ከቶ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ያወጣል። ጫፉ ስለረዘመ ይቸገራል፤ ፍሬው ያመልጠዋል፣ አንገቱን ያጣምማል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ይናደዳል። ሲያበቃ ምንቃሩን መቆሚያው ላይ ግራና ቀኝ ይጠርጋል። የቃሪያውን ሥጋም እያደር መቅመስ ጀመረ፤ ከቃሪያ ወደ ካሮት፣ ከካሮት ወደ ጎመን ተሻገረ። ጨውና ዘይት የነካው ነገር ግን የለም። ከወጡ አይቀምስም፤ ሽንኩርት ይጎዳዋል፣ አቮካዶ ደግሞ ይገድለዋል። ይህንንም ለእንግዳ መናገር አለብኝ።

አሁን ጉበቱ እየተሻለው ነው ማለት እችላለሁ፤ የደም ምርመራው ከድሮው ተሻሽሏል። ምንቃሩ ግን ደግሞ ረዝሟል፤ ሐኪሟም አስቀድማ ነግራናለች። የተበላሸው ኬራቲን አድጎ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል፣ ጉበቱም በአንድ ጊዜ አይመለስም፤ እስከዚያው መሞረዱ ይቀጥላል። ይህን አውቃለሁ፤ ማወቄ ድካሙን አላቀለለልኝም። ቀጠሮ መያዝ፣ ከሥራ ማስፈቀድ፣ በኬጅ ጭኖ መንዳት፣ በፎጣ መጠቅለሉን ማየት፣ ዕዳውን መክፈል፣ ከዚያ «ለወፍ?» የሚል ሰው ፊት መቆም። አዎ፣ ለወፍ። ያማል፣ ይፈራል፣ ሕመሙንም ይደብቃል፤ በዱር የታመመ መስሎ የታየ ወፍ ስለሚበላ መደበቅ ተፈጥሮው ነው። ያበጠ ጉበት ይዞ «ቡና ጠጡ» እያለ ያጫውተን የነበረ ፍጥረት ነው። ምንቃሩ ባይረዝም ኖሮ በምን እናውቅ ነበር?

በቀቀን ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ በጥፍር መቁረጫ አትንኩት። ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ከደማ የበቆሎ ስታርች ጫን አድርጋችሁ ያዙና ወደ ሐኪም ሩጡ። «እቆርጥላችኋለሁ» የሚላችሁን ሰው አስቀድማችሁ «ለምን ረዘመ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ወፋችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ደሙን የሚመረምር ፈልጉ። እናንተ እንግዶቻችን ደግሞ፣ ኑ፣ ቡናው አለ፣ ቆሎውም አለ። ለውዙን ለራሳችሁ ብሉ። ለጎበዜ የሚሆን ቃሪያ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ጠይቁኝ፣ እኔው እሰጣችኋለሁ፣ በእጃችሁ ትሰጡታላችሁ።