የማን ፈረስ?

ሮቤ ላይ ፈረስ ብርቅ አይደለም። ጋሪ ይጎትታል፣ እህል ይጫናል፣ ለሠርግ ይሸለማል። የባሌ ሰው ፈረስ አንዴ ገልመጥ አድርጎ ዕድሜውንም ጠባዩንም ይነግርሃል፤ ጥርሱን ሳያይ ዋጋ አይጠራም። ይኸው ሰው ትራክተር ሊገዛ ሲቆም ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» «መቶ ሃያ» ይሉታል። ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። የማን ፈረስ እንደሆነ አይጠይቅም።

ፈረሶቹ እኮ ሁለት ናቸው። አንደኛው የእንግሊዙ ነው። ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ሥራቸውን በፈረስ ለሚያሠሩ ሰዎች ሊሸጥ ሲነሣ «ስንት ፈረስ ይተካልኛል?» ለሚለው ገዢ መልስ አሰናዳ፤ 550 ፓውንድ ሸክም በአንድ ሰከንድ አንድ ጫማ ከፍ ያደረገ አንድ ፈረስ ነው አለ። ዛሬ 746 ዋት ገደማ ብለን እንቆጥረዋለን። ሁለተኛው የሜትሪኩ ፈረስ ነው፤ 75 ኪሎ በሰከንድ አንድ ሜትር ያነሣል፤ 735.5 ዋት ነው። ትንሽ ከሲታ ነው እንበል። ስለዚህ በእንግሊዙ ፈረስ 300 የሆነ ኮምባይነር በሜትሪኩ 304 ይሆናል። ሞተሩ ያው፣ ናፍጣው ያው፣ የሚያጭደው የሲናና ስንዴም ያው ነው። ሻጩ በወረቀቱ ላይ የትኛውን እንደሚጽፍ ልንገራችሁ?

በአራት ፈረስ መከራከሩስ ደግ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጠውን ግን አየሩ ይበላዋል። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 6.5 ፈረስ ተብላ የተገዛች የመስኖ ፓምፕ ባሌ ስትደርስ አምስት ያህል ይዛ ነው የምትሠራው። ገዢው «አልጎትት አለች» ብሎ የሚጣላው ግን ከመካኒኩ ጋር ነው።

ጎሚስታ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የአየር መለኪያው ላይ ቁጥሮቹ በሁለት ዙር ተጽፈዋል፤ አንዱ ባር፣ ሌላው ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ስንት ፓውንድ ጉልበት እንዳረፈ የሚናገረው። አንድ ባር 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው። የቤት መኪና የያዘው ሰው «ሠላሳ ሁለት አድርግልኝ» ይላል። የጭነት መኪናው ሹፌር «ስምንት» ይላል። የመለኪያውን ስም ሁለቱም አይጠሩም፤ ጎሚስታውም አይጠይቅም፤ ጎማውን አይቶ ይሞላል። ጣጣው የሚመጣው ባለ ሠላሳ ሁለቱ ጆሮውን ጣል ያደረገ እንደሆነ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የኔ ትንሿ መኪና 32 እየያዘች ያ ሁሉ ኩንታል የጫነ በ8 ይሄዳል?»

«ጋሼ፣ የሱ 8 ከርስዎ 32 ይበልጣል።»

ጋሼ ልጁ ያሾፈባቸው መስሏቸው ይቆጣሉ። 8 ባር 116 ፒ ኤስ አይ መሆኑን ለማስረዳት ደግሞ ወረፋው አይፈቅድም። እኚሁ ሰው ሮቤ የሞሉትን ጎማ ይዘው በጎባ በኩል ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ወጥተው ቢያስለኩት፣ ቅዝቃዜውን ብንተወው፣ ማንም ሳይነካው ሁለት ፒ ኤስ አይ ያህል ጨምሮ ያገኙታል፤ የውጭው አየር ስለ ሳሳ ነው። በባር ቢያነቡት ጭማሪው 0.13 ነበር፤ በ0.13 ደግሞ ሰው አይጣላም።

ጋራዥ እንግባ። የሞተር ቴስታታ የሚታሰርበት፣ የሚጠብቀውን ልክ የሚያሳየው ቁልፍ፣ እሱም ሁለት ምላስ አለው፤ በአንድ ጎኑ ኒውተን ሜትር፣ በሌላው ፓውንድና ጫማ። መመሪያው 80 ኒውተን ሜትር ሲል ረዳቱ በወዲያኛው ጎን 80 ላይ ካጠበቀ 108 ኒውተን ሜትር አሰረ ማለት ነው። ቡሎኑ ይሳባል፤ ሲብስም ይበጠሳል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፤ «የቻይና ቡሎን!» ነገሩን በጥበብ የፈቱት ቁልፉን ከነሣጥኑ መደርደሪያ ላይ በክብር አስቀምጠው «እጄ ያውቀዋል» እያሉ የሚያስሩት ናቸው። እጅ ቢያንስ አንድ መለኪያ ብቻ ነው ያለው።

ይህን ስል የባሌን ጋራዥ ለብቻው ማሳጣቴ እንዳይመስል። መስከረም 12 ቀን 1992 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳ 125 ሚሊዮን ዶላር ያወጣባት መንኮራኩር ማርስ ደርሳ ጠፋች። መንኮራኩሯን የሠራው ድርጅት ፕሮግራም የግፊቱን መጠን በፓውንድ አስልቶ ይሰጣል፤ የናሳ ሰዎች በኒውተን መስሏቸው ይቀበላሉ። አንድ ፓውንድ ጉልበት 4.45 ኒውተን ነው። ለወራት እያንዳንዷ ትንሽ ግፊት 4.45 ጊዜ አንሳ ስትቆጠር ከረመችና መንኮራኩሯ ከታሰበላት እጅግ ዝቅ ብላ የማርስ አየር ውስጥ ገባች። ስንት ዶክተር በተሰበሰበበት ቁጥሩን ትቶ ጎማውን የሚያይ አንድ ጎሚስታ ጠፋ።

ኒውተንን ትምህርት ቤት ያልተዋወቀው የለም። ፈተናው ካለቀ በኋላ ግን ማንም ሰላም አይለውም። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእረፍቱ እህል በረንዳ ሄዶ አንድ ኩንታል ስንዴ ለተሸከመው ጫኝና አውራጅ «ወንድሜ፣ ጫንቃህ ላይ 981 ኒውተን አለ እኮ» ብሎ ቢነግረው፣ ሰውዬው ኩንታሉን ቁጭ አድርጎ ወደ ነጋዴው መሄዱ አይቀርም፤ ለ981 ይህ ሒሳብ ያንሳል ሊል። ነጋዴው ደግሞ ከሁላቸውም የተማረ ነው።

«እኔ በቶን ነው የምሠራው» ይለዋል። «የተሸከምከው 0.1 ነው።»