ጓጉንቸር ይኑርልን

ጎረቤቴ ለሞተር ሳይክሉ የገዛው ጓጉንቸር የጎልማሳ ቡጢ ያህላል። የተንጠለጠለው ግን በ4 ብሎን በተያዘ የቆርቆሮ በር ላይ ነው። የብሎኖቹም ጭንቅላት ወደ ውጭ ነው፤ ሌባው እንዳይቸገር። አንድ ካቻቢቴ ይበቃዋል።

ውስጥ ደግሞ ሰንሰለት አለ፤ የፊት ጎማውን ከራሱ ከሞተሩ ጋር አስሮታል። ባለ 100 ሲሲዋን ሁለት ጎረምሶች ከነሰንሰለቷ አንስተው አይሱዙ ላይ ይጭኗታል። ወለሉ ላይ ወፍራም ፌሮ በኮንክሪት ቅበርና ሰንሰለቱን በሻንሲው አሳልፈህ፣ መሬት ሳታስነካ እሰር ብለው (መሬት ላይ የተኛ ሰንሰለት ለመዶሻ ይመቻል)፣ «ወለሉ ይበላሻል» አለኝ።

ትርፍ ቁልፉስ? በሩ ጀርባ ምስማር ላይ፣ ከሊብሬው ጋር። ሌባውን መንገድ ላይ ትራፊክ ቢያስቆመው እንዳያፍር አስቦለት ይሆናል።